ከሐዋሳ ወደ ኬንያ በመኪና፦ ያለ ደላላ መሄድ፣ መዘዋወርና መመለስ

ውጭ አገር መሄድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ቦሌ ነው። እኛ ሐዋሳ ያለን ሰዎች ግን ደጃችን ላይ የሚያልፍ መንገድ አለን። ከከተማው ወደ ደቡብ የሚወጣው አስፋልት ዲላን፣ ይርጋ ጨፌን፣ ሐገረ ማርያምንና ያቤሎን አልፎ ሞያሌ ይደርሳል። ከዚያ ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን ይዞ ናይሮቢ ይገባል። ሐዋሳ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ለጉብኝት፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለዕረፍት ኬንያ ደርሶ መመለስ ለሚፈልግ ሰው ነው። አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልናገር፦ ለዚህ ጉዞ ደላላ አያስፈልግም። በዚሁ መንገድ ስንት የአካባቢያችን ልጅ ደላላ አምኖ፣ ያለ ወረቀት ደቡብ አፍሪካ እደርሳለሁ ብሎ፣ ኬንያ እስር ቤት ገብቷል። ፓስፖርት የያዘ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ግን ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ከታች ያለውን ሁሉ በራሳችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። የመግቢያ ደንቦች በቅርብ ዓመታት ስለተለዋወጡ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የኬንያ ኢሚግሬሽንን ድረ ገጽ አንዴ ማየት አይከፋም።

ቤት ሳላችሁ

መጀመሪያ ፓስፖርት። ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። የሌላችሁ ለማመልከት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለባችሁም፤ ኢሚግሬሽን ሐዋሳም ቅርንጫፍ አለው። ፎቶና ስም ያለበትን ገጽ ኮፒ አድርጉና ከፓስፖርቱ ለይታችሁ ያዙት። ስልካችሁ ላይም ፎቶውን አስቀምጡ።

ቀጥሎ ቢጫ ካርድ። ኬንያ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው መሯሯጥ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ደንብ አንዴ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ድሮ ለሌላ ጉዞ ተከትባችሁ ከሆነ ካርዱን ከሻንጣ ሥር ፈልጉት።

ገንዘባችሁን በዶላር ያዙ። ከባንክ ስትገዙ የሰጧችሁን ደረሰኝ አትጣሉ፤ ስትወጡ ከየት አመጣችሁት ብትባሉ መልሱ እሱ ነው። ብር ከሞያሌ ካለፋችሁ በኋላ ብዙ አይጠቅማችሁም።

አሁን ፌስታል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ ሰው ሻንጣ ያለ ፌስታል አይታሰብም። ሽሮው በፌስታል፣ በርበሬው በድርብ ፌስታል፣ ዳቦ ቆሎው በፌስታል፣ ጫማው እንኳ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። ኬንያ ፌስታልን ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። በሕጉ ላይ የተጻፈው ቅጣት እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። መንገደኛን በአንድ ፌስታል ያስሩታል ማለቴ አይደለም። ግን ፍተሻ ላይ ዕቃችሁን አራግፈው ፌስታሉን ሊወስዱባችሁ ይችላሉ፤ በርበሬውን በእጃችሁ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ሽሮና በርበሬውን ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ አድርጉ። ልብስና ጫማውን በጨርቅ ከረጢት ለዩ። ፋብሪካ ያሸገው ብስኩትና ቡና ችግር የለውም። ዘር፣ ችግኝና ጥሬ እህል ግን አትያዙ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ይቀራሉ። የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ የኛ ቻርጀር አይገባም። ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ማገናኛውን ግዙ። ሌላው ጃኬት ነው። ኬንያ ሙቀት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ማርሳቢት ተራራ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል። ናይሮቢ ከፍታዋ ከሐዋሳ ትንሽ በለጥ ይላል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴም ደመናማና ቀዝቃዛ ናት።

እስከ ሞያሌ

ከመናኸሪያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለመነሳት ተዘጋጁ። ቀጥታ መኪና ካላገኛችሁ ዲላ፣ ሐገረ ማርያም፣ ያቤሎ እያላችሁ እየቀያየራችሁ መሄድ ይቻላል። ከዋዜማው ግን መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚሠሩትን ሹፌሮች ስለ መንገዱ ጠይቁ። ጸጥታ የሚደፈርስበት ጊዜ አለ፣ ወሬውን ከነሱ ቀድሞ የሚሰማም የለም። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ካሉ ይቅር። በቀን ብቻ ተጓዙ፤ ከመሸ ያቤሎ እደሩ።

ድንበሩ

ሞያሌ በሁለት አገር የተከፈለች ከተማ ናት፤ ስሟም በሁለቱም በኩል ሞያሌ ነው። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራ የድንበር ጣቢያ መርቀዋል። ጣቢያው የኢትዮጵያና የኬንያ ሠራተኞች ተቀናጅተው እንዲያስተናግዱ የተሠራ ነው።

ከመኪና ስትወርዱ "ፓስፖርትህን አምጣ፣ እኔ አስመትቼልህ እመጣለሁ" የሚል ሰው ይመጣል። በትሕትና እምቢ በሉ። ፓስፖርት ከእጃችሁ ወጥቶ መግባት ያለበት በመስኮቱ ለሚቀበላችሁ ዩኒፎርም ለለበሰ ሠራተኛ ብቻ ነው።

የሚጠይቋችሁ ቀላል ነው፦ የት ትሄዳላችሁ፣ ለስንት ቀን፣ የት ታርፋላችሁ። የሆቴሉን ወይም የዘመዳችሁን ሰፈር፣ ስምና ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ስልክ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል፣ ወረቀት አይጨርስም። ለጉብኝት ገብቶ ሥራ መሥራት እንደማይቻልም እወቁ።

ከመስኮቱ ከመራቃችሁ በፊት ፓስፖርቱን ግለጡ። ሁለት ማህተም ማየት አለባችሁ፤ የኢትዮጵያ መውጫና የኬንያ መግቢያ። ቀኑ የዛሬ መሆኑን እዩ። እንድትቆዩ የተፈቀደላችሁን ቀንም እዩ። አንዱ ከጎደለ እዚያው ተመልሳችሁ ጠይቁ። ከዚህ በኋላ ናይሮቢ እስክትደርሱ ድረስ ፖሊስ የሚጠይቃችሁ ይህንን ገጽ ነው፤ ያለ ማህተም የተገኘ ኢትዮጵያዊ በዚያ መስመር ላይ ተጓዥ ነኝ ቢል የሚያምነው አያገኝም።

ሽልንግና ሲም ካርድ

ሁለቱን እዚያው ኬንያ ሞያሌ ጨርሱ። የምትመነዝሩት ባንክ ወይም ፈቃድ ያለው መንዛሪ ቤት ገብታችሁ ይሁን፣ መንገድ ላይ አይደለም። ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃችሁን ብቻ መንዝሩ። ኖቶቹ 50፣ 100፣ 200፣ 500 እና 1000 ናቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. ኖቶቹ ስለተቀየሩ፣ አሮጌውን ባለ 1000 የሚሰጣችሁ ካለ አትቀበሉት፤ አይሠራም።

ሲም ካርዱን በፓስፖርታችሁ አስመዝግባችሁ ስታወጡ ኤም-ፔሳውንም አብራችሁ አስከፍቱ። እዚህ አገር ያለው የኤም-ፔሳ ሒሳባችሁ ሌላ ነው፣ የብር ነው። ኬንያ ኤም-ፔሳ የተጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ሰዉ ለምዶታል፤ ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠዋም ትቀበላለች። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ኤም-ፔሳ የሚል ጽሑፍ ያለበት ኪዮስክ ትፈልጋላችሁ። በየመንገዱ ሞልቷል። ፓስፖርታችሁን አሳይታችሁ ሽልንጉን ለወኪሉ ትሰጣላችሁ። መልእክት ስልካችሁ ላይ እስኪገባ ድረስ ከመስኮቱ አትነቃነቁ። ማስገባት ክፍያ የለውም፤ ማውጣት ግን ያስከፍላል። ስለዚህ ያስገባችሁትን ከማውጣት ይልቅ በዚያው መክፈል ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፣ ቲል ይሉታል። ስልካችሁ ላይ ሊፓ ና ኤም-ፔሳ የሚለውን ከፍታችሁ ቁጥሩን፣ ከዚያ ሒሳቡን፣ ከዚያ የሚስጥር ቁጥራችሁን ታስገባላችሁ። ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። ስሙን ጮክ ብላችሁ ለባለሱቁ አንብቡለት። "አዎ" ካለ ላኩ። ይቺ ስም የማንበብ ልማድ ከብዙ ጣጣ ታድናለች።

ወደ ናይሮቢ

ከሞያሌ ናይሮቢ ትልልቅ አውቶቡሶች ይሄዳሉ። ጉዞው ከግማሽ ቀን በላይ ይወስዳል። ትኬቱን ከቢሯቸው ቁረጡ። ስትቆርጡ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛው ቀኑ ነው። ትኬቱ ላይ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ስልካችሁን ከፍታችሁ አመሳክሩ። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ትኬቱ ላይ 7 ጠዋት የሚል ካለ በኛ 1 ሰዓት ማለት ነው። እዚህ ድረስ የታወቀ ነው። ግን በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛ ነው! "ሳ ሞጃ አሱቡሂ" ያላችሁ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ማለቱ ነው። ያው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲነግራችሁ 7 ይላችኋል። ስለዚህ ሰዓት በተባለ ቁጥር በየትኛው ቋንቋ እንደተባለ ልብ በሉ፣ ከተጠራጠራችሁም ስልክ ላይ ጽፎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

መንገዱ ላይ ብዙ ኬላ አለ። ፖሊስ መኪናውን አቁሞ መታወቂያ ይሰበስባል። ፓስፖርቱን ከላይ በተቀመጠ ሻንጣ ውስጥ አታድርጉ፤ የደረት ኪስ ውስጥ ይሁን። ወረቀታችሁ ሙሉ ስለሆነ ለማንም የምትከፍሉት ነገር የለም። ገንዘብ ቢጠየቅም በእርጋታ ደረሰኝ ጠይቁ። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ትሻገራላችሁ። በቀን ካለፋችሁ የኬንያን ተራራ ከዚያ ማየት ይቻላል፤ ደመና ሳይሸፍነው ጠዋት ነው ደስ የሚለው።

ብዙዎቹ አውቶቡሶች ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ነው የሚያራግፉት። ኢስሊ ሶማሌና ኢትዮጵያዊ የሞላበት ሰፈር ስለሆነ አማርኛም ኦሮምኛም ትሰማላችሁ። ሌሊት ከደረሳችሁ ጎሕ እስኪቀድ እዚያው የአውቶቡሱ ቢሮ ውስጥ ቁጭ በሉ፤ ሻንጣ ይዛችሁ በጨለማ አትዙሩ።

ከተማ ውስጥ

መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ መስመር ነው። እግራችን ከልጅነት ጀምሮ የለመደው ግራ ማየት ስለሆነ አእምሮ ቢያውቅም አንገት ይዘነጋል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እጃቸውን አትልቀቁ። የታክሲ በርም በግራ በኩል ነው፤ በመንገዱ በቀኝ ጠርዝ ቆማችሁ ብትጠብቁ መኪናችሁ ማዶ ያልፋል።

የእኛን ሚኒባስ ታክሲ የሚተካው ማታቱ ነው። ቀለሙ፣ ሙዚቃውና መብራቱ ቢያስደነግጥም ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው፤ 34 ወደ ጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ፣ 111 ወደ ንጎንግ፣ 237 ወደ ቲካ ይሄዳል። ከሰፈር ስም ይልቅ ቁጥሩን ያዙ። ከሆቴል ስትወጡ ዘበኛውን ወይም እንግዳ ተቀባዩን "ቁጥሩ ስንት ነው? መውረጃው ምን ይባላል? ዋጋውስ?" ብላችሁ ሦስቱን ጠይቁ። ዋጋው በከተማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሽልንግ አካባቢ ነው። ዝናብ ሲጥልና የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ይጨምራል፤ ይሄ እናንተን እንግዳ ስለሆናችሁ ለማታለል አይደለም፣ አገሬውም ይከፍላል።

ከመግባታችሁ በፊት ረዳቱን "ንጋፒ?" በሉት፣ ስንት ነው ማለት ነው። በአራዳ አነጋገር ሊመልስላችሁ ይችላል፦ ምባዎ 20 ነው፣ ሶ 100 ነው፣ ታው 1000 ነው። ሃምሲኒ ካለ ደግሞ ሃምሳ ነው። ዝርዝር ያዙ፤ ባለ 1000 ኖት ሰጥቶ መልስ መጠበቅ መጨቃጨቅ ያመጣል። ቀበቶ እሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ ከዋለው ጥብቅ ደንብ ጀምሮ ቀበቶ ግዴታ ነው፣ ፖሊስ ካስቆመ ተሳፋሪውም ይቀጣል። ለመውረድ "ወራጅ አለ" የምንለው እዚያ "ሹኪሻ" ነው። ትንሽ ቀደም ብላችሁ በሉት።

መስኮት ዳር ከተቀመጣችሁ ስልካችሁን አታውጡ። መኪናው ቆሞ ሳለ ከውጭ እጅ ሰዶ መንጠቅ ናይሮቢ ውስጥ የተለመደ ነው። የእግረኛ መንገድ ላይም ካርታ ለማየት ሱቅ ውስጥ ግቡና እዩ።

ከመሸ ወይም ዕቃ ከበዛ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ተጠቀሙ። እንደኛው ራይድ ነው፤ እዚያ ኡበርና ቦልት አሉ። ታርጋውን ሳታመሳክሩ አትግቡ። ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሳይክል በየጥጉ አለ። ለአጭር ርቀት፣ ሔልሜት ካለው ብቻ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማምታችሁ። እኔ ትልቁ መንገድ ላይ ባትወጡበት ደስ ይለኛል።

ሰው መንገድ ስትጠይቁ ሰላምታ ይቅደም። "ሀባሪ" በሉ፤ መልሱን ጠብቁ፤ ከዚያ ጠይቁ። ትልቅ ሰውን "ምዜ"፣ እናቶችን "ማማ" ብላችሁ ጥሩ። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ አባባና እማማ እንደማለት ነው፤ ፊታቸው ሲፈካ ታያላችሁ። ኩሊያ ቀኝ፣ ኩሾቶ ግራ፣ ሞጃ ክዋ ሞጃ ቀጥታ ነው።

ፖሊስን፣ ወታደርንና የመንግሥት ሕንፃን ፎቶ አታንሱ። የድንገተኛ ስልክ 999 ወይም 112 ነው። ፓስፖርት ከጠፋ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ማስረጃ አጽፉ፣ ከዚያ ስቴት ሃውስ አቬኑ ላይ ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሂዱ። ቤት ሳላችሁ ያነሳችሁት ኮፒ የሚያገለግለው ያኔ ነው።

ምግብና ጾም

ሥጋ ለሚበላ ሰው ኬንያ ችግር የለም፤ ኛማ ቾማ የሚሉት ጥብስ በየቦታው አለ። ዓሣ የለመደ የሐዋሳ ሰውም ቲላፒያ ያገኛል፤ ቆሮሶን በሌላ ስሙ ማለት ነው። የሚቸግረው ረቡዕና ዓርብ ነው፣ ምክንያቱም የጾም ምግብ ብሎ ነገር ሜኑ ላይ የለም። የሚፈለገው ግን አለ። ማሃራግዌ የቦሎቄ ወጥ ነው። ጊዘሪ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለ ነው። ሱኩማ ዊኪ እንደ ጎመን ነው፣ ኡጋሊ ከሚሉት ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ ጋር ይቀርባል። ሁሉንም ስታዙ ሥጋ ወይም የሥጋ መረቅ እንዳልገባበት ጠይቁ። ሻይ ዝም ብላችሁ ካዘዛችሁ በወተት የፈላ ነው የሚመጣው። ወተት የሌለበት ለማግኘት "ቻይ ያ ራንጊ" በሉ። እንጀራ ከናፈቃችሁ ናይሮቢ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም።

ባሕር ማየት ከፈለጋችሁ

ሞምባሳ በባቡር ነው የሚያምረው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር ናይሮቢን ከሞምባሳ በአምስት ሰዓት አካባቢ ያገናኛል። ትኬቱ በበዓልና በሳምንት መጨረሻ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀናት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ሲቆረጥ የፓስፖርት ቁጥር ይጠየቃል፣ ክፍያው በኤም-ፔሳ ነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ሲዮኪማው አጠገብ ነው፤ የናይሮቢ ጠዋት መጨናነቅ የታወቀ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ይዛችሁ ውጡ። እዚያ ሻንጣችሁን በመስመር አስቀምጣችሁ ወደ ኋላ ትላላችሁ፣ ውሾች እያሸተቱ ያልፋሉ። ቢላዋና መጠጥ አይገባም። በመንገዱ ላይ ባቡሩ የፃቮን ፓርክ ስለሚያቋርጥ ዝሆን ማየት ይቻላል፤ ወንበራችሁ መስኮት ዳር ቢሆን ጥሩ ነው።

ሞምባሳ ውስጥ ለሐዋሳ ልጅ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ባጃጅ ሞልቷል። እዚያ ቱክ ቱክ ነው የሚሉት። ወደ ደቡቡ ባሕር ዳርቻ የሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ለእግረኛ በነፃ ነው። ሲወርዱ ግፊያ ስላለ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉት።

ስትመለሱ

የተፈቀደላችሁ ቀን ከማለቁ በፊት ውጡ። ኤም-ፔሳ ላይ የቀረውን ናይሮቢ ሳላችሁ አውጡ ወይም ገዝታችሁበት ጨርሱ። ሲሙን አትጣሉት፤ ዳግም ስትሄዱ ሊያገለግላችሁ ይችላል። ድንበሩ ላይ እንደገና ሁለት ማህተም አለ፤ የኬንያ መውጫና የኢትዮጵያ መግቢያ። የኬንያውን ሳያስመቱ መሻገር ቀጣዩን ጉዞ ያበላሻል። ሞያሌ ከሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ እዚያው እደሩና ለሐዋሳ በጠዋቱ መኪና ተሳፈሩ።